እሁድ እስከ አሥር ሰዓት

ልጄ ጋራዥ ውስጥ የብስክሌቷን ጎማ ስትለጥፍ የማስቲሹ ሽታ ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጬ ሄድኩና በሩ ላይ ቆምኩ። ከመነዳሪውን ከጎማው ውስጥ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘርግታዋለች፤ ቀዳዳውን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጋ፣ ማስቲሹን ቀብታ፣ እስኪደርቅ እፍ እፍ ትልበታለች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«ትሬይል።»

«የትኛው የብስክሌት መንገድ?»

«ጀስት ትሬይል፣ ማም። ፍሬንዶቼ አሉ።»

«ውሃ አጠገብ ነው? ሰው ይበዛበታል? ስልክሽ ቻርጅ አለው?»

«ማም፣ ቺል።»

ቺል ማድረግ አልችልበትም። ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከቤት በወጣች ቁጥር እስክትመለስ ድረስ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ዴንቨር ዳር፣ ግሪን ቫሊ ራንች ያለው ቤታችን መስኮቱ ብዙ ነው፤ በየተራ እቆምባቸዋለሁ። ባለቤቴ «አንቺን ሴኩሪቲ ቢቀጥሩሽ ሌባ ከከተማው ይጠፋ ነበር» ይለኛል። የዚያን ቀን ግን በሩ ላይ ያቆመኝ ፍርሃቱ ብቻ አልነበረም፤ ሽታው ነው። ያ የጎማና የማስቲሽ ሽታ አንድ እሁድ ይዞብኝ መጣ። ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ በስደተኝነት አሜሪካ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ። ዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ ውስጥ፣ ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ከአንዲት ሴት ጋር ተጋርቼ እኖር ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። የአስመራ ልጅ ናት፤ ትምህርቷን በአማርኛ ነው የተማረችው፤ የእጅ ጽሑፏ ከእኔ በብዙ ይሻላል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። እሷ አረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ እኔ አየር ማረፊያው ውስጥ በዊልቸር ሰው እገፋለሁ። የሁለታችን አገሮች ጦርነት ካበቃ ገና ብዙ አልቆየም ነበር፤ ሱቅ አብረን ስንገባ ቀና ብሎ የሚያየን አይጠፋም። እኛ ግን ስለዚያ አውርተን አናውቅም። የምንጣላው መታጠቢያ ቤቱን ማን ያጽዳ በሚለው ነው።

ብስክሌቱን ያመጣችው እሷ ናት። አንድ ቅዳሜ ከያርድ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ግቢው ላይ ከሚሸጥበት፣ ሁለት ብስክሌት፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ እየገፋች መጣች።

«አንዱ ያንቺ ነው» አለችኝ።

«አልችልም።»

«አስመራ ቄሱም ይነዳል። አንቺን ልጅ ሆነሽ ምን ሲያስተምሩሽ እንደዋሉ እንጃ።»

ከላውንደሪው ጀርባ ባለው ፓርኪንግ፣ ከሥራ መልስ፣ መቀመጫውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች አስተማረችኝ። «ጎማውን አትዪው! ጎማው የትም ጥሎሽ አይሄድም! ፊትሽን እዪ!» ትላለች እያለከለከች። እኔ ጎማውን እያየሁ ከቆሻሻ ገንዳው ጋር ተላተምኩ። ጎማ ሲተነፍስ የምትለጥፈው እሷ ናት፤ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ ትቀመጣለች፤ ቤታችን ማስቲሽ ማስቲሽ ይል ነበር።

በወሩ ፓርኪንጉን መዞር ቻልኩ። ከዚያ ማለፍ ግን እንቢ አልኩ። እሷ ኦፍ በሆነች ቁጥር ሳንድ ክሪክ የሚባለውን ጅረት ተከትላ እስከ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ትወርዳለች፤ ከዚያ በወንዙ ሸለቆ መሀል ዴንቨር ትገባለች። ስትመለስ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ፣ ሌላ ሰው መስላ ነው። «ነይ ላሳይሽ» ትለኛለች። «ሌላ ጊዜ» እላታለሁ።

አንድ ሐሙስ፣ እሷ ሥራ ገብታ እኔ ቤት ሳለሁ፣ ስልኩ ጮኸ። ወንድሟ ነበር፣ ከአስመራ። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ሰላምታ ተለዋውጠናል። የዚያን ቀን ድምፁ ግን ያ ድምፅ አይደለም።

«ብቻሽን ነሽ?» አለኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«እናታችን ዛሬ ጠዋት አርፋለች። ለእሷ እንዳትነግሪያት። ለትልልቅ ሰዎች ንገሪና እነሱ ያርዷት።»

መስመሩ ተቋረጠ።

የእኛን ነገር ታውቃላችሁ። መርዶ ለብቻ ሰው አይነገርም፤ በስልክ አይነገርም፤ ሥራ ቦታ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ትልቅ ሰው ከፊት ሆኖ፣ የሚደግፏት በግራና በቀኝ ቆመው ነው። አገር ቤት ጎህ ሲቀድ ሄደው በር ያንኳኳሉ። አሜሪካ ግን ጎህ ሲቀድ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። መርዶውም ሺፍት ይጠብቃል።

ታክሲ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ የአገሯ ሰው። በእኛ አካባቢ ሠርግም ለቅሶም ያለ እሳቸው አይሆንም። ደወልኩላቸው። ነገሩን ስነግራቸው ነፍስ ይማር አሉ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ በኋላ። «ነገ ብዙው ሰው ሥራ ነው። ቅዳሜ የታክሲ ልጆች በሙሉ አየር ማረፊያ ናቸው። እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ እናንተ ቤት እንሰበሰባለን። እስከዚያ የምትጠብቂያት አንቺ ነሽ። አደራ።»

«እንዴት አድርጌ ነው የምጠብቃት አባባ?»

«ስልክ አታንሳ። ኮልፋክስ አትውረድ። ሱቅ አትግባ። አንዱ ሳያውቅ እግዜር ያጥናሽ ካላት አለቀ።»

«ፊቴን አይታ ብታውቅስ?»

«ፊትሽን አታሳያት።»

የስልኩን ሽቦ ከግድግዳው ነቅዬ ከሶፋው ኋላ ወሸቅኩት። ስትመጣ «መስመሩ ተበላሽቷል» አልኳት። ሞባይል ያኔ በሁሉም እጅ አልገባም። ዓርብም ቅዳሜም ሁለታችን ሥራ ላይ ዋልን፤ ቤት ስንገባ ደክሞኛል እያልኩ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ዓርብ ዕለት ምስር ወጥ ሠርታ፣ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ፣ በአንድ ነገር ከት ብላ ሳቀች። ሳቋን ስሰማ ብርድ ልብሱን ነከስኩት።

እሁድ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች «ኮልፋክስ ወርጄ ካርድ ልግዛና እናቴ ጋ ከውጭ ስልክ ልደውል» አለች። «ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ትቆጣኛለች።»

«ብስክሌት እንሂድ» አልኳት። አምልጦኝ ነው፤ አስቤበት አይደለም።

ቀና አለች። «ማን? አንቺ?»

«አዎ። ያንን ሸለቆ አሳዪኝ።»

«ፓርኪንጉን ሦስት ጊዜ ዞረሽ እግሬን ቁረጡልኝ ያልሽው አንቺ?»

«ዛሬ አምሮኛል።»

«ቸርችስ? ጴንጤዋ! እሁድን ለብስክሌት?»

«ጌታ ብስክሌትም ላይ አለ።»

ከልቧ ሳቀች። «እውነቱን ንገሪኝ፤ እዚያ መንገድ ላይ የምታዪው ወንድ አለ አይደል?» ካርዱ ተረሳ። ዳቦና ሁለት ብርቱካን በፌስታል ጠቀለለች፣ አራቱንም ጎማ በመንፊያ ነፋች፣ ወጣን።

ሰመር እየገባ ነበር። ሳንድ ክሪክ ወንዝ ይባላል እንጂ ያን ጊዜ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ አሸዋው ላይ እየተጎተተ ያብረቀርቃል። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከወንዙ ዳር ዛፎች ጥጥ የመሰለ ነጭ ብናኝ እየበረረ ፀጉሯ ላይ ያርፍ ነበር። ከፊቷ ሆኜ ቢሆን የምችለው አይመስለኝም፤ ከኋላ ግን የማየው ጀርባዋን ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች። ነፋሱ ሸሚዙን እንደ ፊኛ ይነፋዋል። ያ ጀርባ ምንም አያውቅም ነበር።

በግራችን በኩል የድሮውን አየር ማረፊያ አለፍን። እኔ የምሠራበት አዲሱ ከተከፈተ ወዲህ ያ ተዘግቶ እየፈረሰ ነበር። አውሮፕላን ሲነሳበት የኖረው መንደርደሪያ ተሰብሮ ተራራ ተራራ የኮንክሪት ክምር ሆኗል። ረጅሙ የመቆጣጠሪያ ማማ ብቻ ሜዳ ላይ ቆሟል።

«አውሮፕላኖቹ ሄዱ፣ ዘበኛው ቀረ» አለች ወደ ኋላ እየጮኸች።

«ፊትሽን እዪ!» አልኳት። በአንድ እጇ ጨበጨበችልኝ፣ ጭኗን እየመታች።

ከዚያ በኋላ መንገዱ በባቡር ሐዲድ ድልድዮች ሥር ይገባል። ውስጡ ጨለም ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ዝገትና እርጥብ ሲሚንቶ የሚሸት ነው፤ በላያችን ባቡር ሲያልፍ ደረቴ ውስጥ ነው የተንቀጠቀጠው። ወጣ ስንል የነዳጅ ማጣሪያው መጣ፤ የብረት ቱቦ በቱቦ ላይ፣ ጫፉ ላይ በቀን የሚነድ እሳት፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። «አፍንጫሽን ይዘሽ በአንድ እጅ መንዳት ካልቻልሽ አፍሽን ከፍተሽ ንጂ» አለችኝ። ሳንድ ክሪክና ሳውዝ ፕላት የሚገናኙበት ስንደርስ ወንዙን ወደ ላይ ይዘን ታጠፍን። ከብት የሚያጉሩበት ግቢ ሽታ መጣ፤ እሱን እንኳ ወደድኩት። አሮጌ መጋዘኖች፣ መስኮታቸው የተሰበረ የሸክላ ግንቦች፣ ማንም የማይሄድበት ሐዲድ፣ በመሀሉ ሣር የበቀለበት። ሁሉ ቦታ ሰው ሠርቶበት ሰው የሄደበት ነበር።

እግሬ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወንዙ ዳር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ወንበሩ አጠገብ ሰሌዳ ቆሟል፣ አሮጌ ፎቶ ያለበት፤ ሰማይ የሚነካ ጭስ ማውጫ፣ ሥሩ ፊታቸው የጠቆረ ወንዶች ተሰልፈው። እንግሊዝኛውን እሷ አነበበችልኝ።

«እዚህ አካባቢ ማዕድን ማቅለጫ ነበረ ይላል። ሠራተኞቹ ከየአገሩ የመጡ ናቸው። ዌልስም ይላል።»

«ዌልስ የት ነው?»

«እንግሊዝ አጠገብ።»

በወንበሩ ሌላኛው ጫፍ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ውሻ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ዌልስ የምትለዋን ቃል ሰምተው ዞር አሉ። አያታቸው ከዚያ መጥተው እዚሁ ማቅለጫ ውስጥ ሠርተዋል። «ፎቶው ላይ ፈልጌ አጣሁት» አሉ፤ «ሺፍት ላይ ሳይሆን አይቀርም።» ሐዲዱን ማዶ ያለው ሰፈር ስዋንሲ የሚባለው በዚያ አገር ከተማ ስም ነው አሉን፤ እዚያ መዳብ የማቅለጥ ሥራ ድሮም የታወቀ ነው። እሷ እያስቆመቻቸው ትተረጉምልኛለች፤ እኔ ብርቱካኑን እልጣለሁ።

«አያትዎ አገራቸው ተመልሰው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

አልተመለሱም። አያትየው ዘማሪ ነበሩ አሉ፤ የዌልስ ሰዎች ሥራ ውለው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ማታ በኅብረት ይዘምራሉ። የአያትየው እናት እዚያ አገር ሲሞቱ ደብዳቤው በመርከብና በባቡር ዴንቨር እስኪደርስ ሳምንታት ፈጀ። ደብዳቤውን ሲያነቡ ቀኑን ቆጠሩ። እናታቸው አፈር ውስጥ ሆነው እሳቸው ስንት ምሽት በደስታ እንደዘመሩ ቆጠሩ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ አፋቸውን ለዜማ አልከፈቱም።

ይሄን ስትተረጉምልኝ የብርቱካኑ ፈሳሽ በክንዴ እየወረደ ነበር። አልጠረግኩትም።

ሽማግሌው ውሻቸውን ይዘው ሄዱ። እሷ የብርቱካኑን ልጣጭ በፌስታሉ ሰበሰበች።

«የእሳቸውን እሺ ባሕሩ ነው ያዘገየው» አለች። «የእኛን ሰዎች ምን ትያቸዋለሽ? ስልክ እያለ! አንዲት የሥራ ጓደኛዬ አባቷ ከሞቱ በአሥራ አንድ ቀናቸው ነው የነገሯት። በመሀል ልደት ወስደዋታል። ጨፍራለች።»

«ለእሷ ብለው ነው» አልኩ።

«ለእሷ ብለው አይደለም። ፍርሃት ይዟቸው ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ግን ስሚኝ። የእኔ ከሆነ፣ በሰማሽበት ሰዓት ንገሪኝ። ሰው ሰብስቢ አላልኩሽም። ማይልኝ።»

«እኔ አልምልም። ታውቂያለሽ።»

«እንግዲያው እሺ በይ። ያንቺ እሺ ከሌላው መሐላ ይበልጥብኛል።»

«እሺ» አልኳት።

ያቺን እሺ እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። ውሃው በድንጋዮቹ መሀል ያንሾካሽካል፣ ማዶ መኪናዎች ያልፋሉ፣ እኔ እሺ እላለሁ። ባለፈው ወር ልጄን ጠየቅኳት። «አንድ ቀን ሴት አያትሽ የሆነ ነገር ቢሆኑና አንቺ ቀድመሽ ብትሰሚ እንዴት ትነግሪኛለሽ?» አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። «ቴክስት አደርግሻለኋ» አለች። በቴክስት! መጀመሪያ ደነገጥኩ። በኋላ ሳስበው ከሁላችንም እሷ ትሻላለች።

ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። እግሬ አልታዘዝ ስላለኝ በወንዙ እስከ መሀል ከተማ ቀስ ብለን ሄድንና አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ያዝን። ብስክሌቶቹን ከፊት ያለው ማሰሪያ ላይ ሰቀልናቸው። አሥራ አምስት ቁጥር ኮልፋክስን ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ነው፤ ኮልፋክስ አትውረድ የተባለችውን ሴት ይዤ በኮልፋክስ መምጣቴ ነው። የሚያውቀን ሰው እንዳይገባ በልቤ ስጸልይ አንድ ፌርማታ ላይ ነጠላ ያደረገች ሴት ገባች። ሱቅ ነው የምትሠራው፤ ሁለታችንንም ታውቀናለች፤ እንደ ሌላው ሁሉ እሷም ለአሥር ሰዓት ነው የምትሄደው። ጓደኛዬን ስታይ ፊቷ ሟሸሸ። ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?» አለቻት ጓደኛዬ።

ሴትየዋ እኔን አየችኝ። እኔ ጭንቅላቴን ወዘወዝኩ፣ ትንሽ፣ እንደ ዝንብ የማባረር ያህል።

«ጥርሴን…» አለች። «ጥርሴን አሞኝ ነው።» እንባዋ ወረደ።

«ውይ በሞትኩት! ቅርንፉድ ንከሺበት። እናቴ ሁልጊዜ እሱን ነው የምታደርገው። ምን ልበልሽ፣ ያደነዝዘዋል። ቤት አለኝ፤ ወርደሽ ልስጥሽ?»

«ኧረ ተይ፣ ተይ፣ ይሻለኛል» አለች ሴትየዋ፤ ደወሉን ስባ ፌርማታዋ ሳይደርስ ወረደች። በመስኮቱ ስትሮጥ አየኋት።

«ሰው ጥርስ ሲያመው እንዲህ ያለቅሳል?» አለችኝ ጓደኛዬ።

እኛም ወረድን። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው። ብስክሌቶቹን እየገፋን ወደ ውስጠኛው መንገድ ገባን። ታክሲ ነጂው ሽማግሌ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ትርፍ ቁልፌን ቅዳሜ አየር ማረፊያ ተቀብለውኛል፤ ለመጣው ሁሉ «ጫማችሁን በር ላይ እንዳትተዉ፣ ወደ ውስጥ አስገቡት» ብለው ነበር፤ በኋላ ነው የሰማሁት። ጫማውን አስገብተዋል። የመጡበትን ታክሲ ግን ማንም አላሰበውም። መንገዱ ታጥፎ ቤታችን ሲታይ ሰባት ታክሲ በተርታ ቆሟል። ከእኛ ግቢ አንድ ታክሲ እንኳ ቆሞ አያውቅም።

እሷ አጎንብሳ፣ የሰንሰለቱ ቅባት የነካውን ሱሪዋን ታራግፍ ነበር። አሁን ቀና ትላለች። አሁን ታያለች።

«ቁሚ» አልኳት።

«ምነው? ጎማው ነው?»

«እናትሽ አርፈዋል።»

እንዲህ ነው ያልኩት። ጠላት ለጠላቱ እንዲህ አያረዳም። መሪውን በሁለት እጄ እንደጨበጥኩ፣ ሰው ሰዓት እንደሚነግር።

«የማን እናት?»

«ያንቺ።»

አልጮኸችም። ብስክሌቷን በስታንዱ አቆመች፤ አንዴ ዘመመባት፣ አስተካክላ አቆመችው። ከዚያ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ወንድምሽ።»

«ሐሙስ» አለች። «ዓርብ። ቅዳሜ።» በጣቷ ቆጠረች። «ዓርብ ስስቅ ሰምተሽኛል።»

«ሰምቼሻለሁ።»

አንድ መኪና አለፈ። ከማዶው ግቢ የሣር ማጨጃ ድምፅ ይመጣል፤ የታጨደ ሣር ይሸታል። በትግርኛ አንድ ነገር አለች፤ ለእኔ አይደለም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው እንደምታወራ። አንዴ የተቆጧት ይመስል አንገቷን ሰበር አደረገች። ትግርኛ አልሰማም። ቢገባኝም ለእናንተ አልነግራችሁም ነበር። አምስት ደቂቃም አይሞላም። ከዚያ ቀና ብላ ታክሲዎቹን አየቻቸው።

«ለእኔ ነው የመጡት?»

«ላንቺ ነው።»

«እንደነገርሽኝ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። አደራ ብለውኝ ነበር።»

እጇ ላይ ያለውን ቅባት በሣሩ ጠረገች። «ተነሺ በይ። ምንም እንዳልሰማሁ ሆኜ ነው የምገባው።»

«ለምን ብለሽ?»

«ያ ሁሉ ሰው ሺፍቱን ለውጦ ነው የመጣው። ሽማግሌውም የሚሉትን ሦስት ቀን ሙሉ ሲያሰናዱ ነው የሰነበቱት። አንቺንም አደራ በላች ይሉሻል፤ እዚህ ሰፈር ገና ብዙ ትኖሪያለሽ።» ፀጉሯ ላይ ያረፈውን ጥጥ ያነሳሁላት ያኔ ነው። «ብስክሌቴን አንቺ ግፊልኝ» አለችኝ። «እጄ አልይዝ ብሎኛል።»

ሁለቱንም ገፋሁ። በሩን ስትከፍት ቤቱ ሙሉ ቆሞ ነበር። ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ያዟት። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ጀመሩ፤ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ፈጣሪ፣ እናቷ ስንት ልጅ አሳድገው በስንት ሰው እንደተሸኙ። አንዷን ቃል አላቋረጠቻቸውም። እንደ ተማሪ ቆማ ሰማቻቸው። የመጨረሻዋን ቃል ሲጨርሱ ጮኸች። ለቅሶ ቤት ብዙ ቆሜያለሁ፤ የማስመሰል ጩኸት ከእውነተኛው አይጠፋብኝም። ያ እውነተኛው ነበር። ሴቶቹ ወለሉ ላይ አብረዋት ወረዱ። ሽማግሌው በሰው መሀል ፈለጉኝና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁልኝ፤ አደራሽን ተወጣሽ ማለታቸው ነው። ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ።

ሦስት ቀን ሰው ሲገባ ሲወጣ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብርጭቆ እያጠብኩ ሳለ ወጥ ቤት ገባች። ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል። ፎጣ አንስታ የማጥበውን ታደርቅ ጀመር።

«ተይ፣ ተቀመጪ» አልኳት።

«ልንገርሽ» አለች። «እዚህ ቤት ከገባሁ ወዲህ ያለቀስኩት ለሰው ነው። የሰው ለቅሶ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ያስፈልጋል። ከእናቴ ጋ ብቻችንን የሆንነው ግን ያቺ መንገድ ዳር ብቻ ናት። ያቺን አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ። ሌላው ሁሉ ፈርቶ ነበር፤ አንቺ አልፈራሽም። አልረሳልሽም።»

ብርጭቆውን ደጋግሜ አጠብኩት።

በዓመቱ አግብታ ሌላ ስቴት ሄደች። አሁን ልጆቿ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ለአዲስ ዓመት ትደውልልኛለች፤ የእኔም ነው የእሷም ነው፣ አንድ ቀን ነው የምናከብረው። ስለ ጉልበታችን፣ ስለ ልጆች እናወራለን። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ ያቺን ነገር ታነሳለች፤ «እውነቱን ፊት ለፊት የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» ትለኛለች። ለልጆቿም ነግራቸዋለች። እነሱ እኔን የሚያውቁኝ ያቺ ደፋር ሴት በሚል ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። ወንዙ ዳር፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ስትለምነኝ፣ መናገር እችል ነበር። ሰዓቱም ነበረ፣ ቦታውም ነበረ፣ ማንም አልነበረም። ዋሸኋት። መንገዱ ላይ የነገርኳት አዝኜላት አይደለም፤ ቃሌንም አስቤ አይደለም። ታክሲዎቹን ስታይ ቀድማ ወደ እኔ ፊት እንደምትዞር አውቄ ነው። ያን ፊት መሸከም ፈርቼ ነው የወረወርኩባት።

በየዓመቱ ልነግራት አስባለሁ። ባለፈው በዓልም ስልኩን ይዤ ጋራዥ ድረስ ሄጄ በሩን ዘጋሁ፤ ባለቤቴም ልጄም እንዳይሰሙ። ያንኑ አለችኝ፣ አመሰገነችኝ። «ተይ፣ እኔ እንደምታስቢኝ አይደለሁም» አልኳት።

ትሕትና መሰላት። ሳቀች፣ ልጅሽን ሳሚልኝ አለች፣ ዘጋች።